የእትዬ አዜብ ሦስተኛ እይታ

«ይሠራል እያልኩህ እኮ ነው! ሰካው፣ አብራው፣ ራስህ ስማው። ይነፋል!»

«መንፋቱን መች ካድኩ?»

«ታዲያ ምን ቀረው?»

«ሦስተኛው እይታ።»

ኤልያስ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። «ናቲ፣ በናትህ! የሚያሳዩህ እሳቸው ነበሩ። እሳቸውን ደግሞ ትናንት ቀበርናቸው።»

ከውጭ፣ ከዕድሩ ድንኳን፣ የመዘምራኑ ድምፅ ይሰማል።

አዎን፣ ቀብረናቸዋል። ይህን የምታነቡ ወዳጆቻቸው፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አፈር ስናለብሳቸው አብራችሁን ቆማችኋል። ርቃችሁ ላልሰማችሁ ግን የምነግራችሁ ይህን ነው፤ እትዬ አዜብ ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔና ኤልያስ በምንጨቃጨቅባት በዚያችው የሥራ ክፍላቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል። እህታቸው እትዬ ሮማን ሻይ ይዘውላቸው ሲገቡ መብራቱ በርቷል፣ እሳቸው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለዋል። ያሸለቡ መስሏቸው ሻዩን አስቀምጠው በቀስታ ወጡ። ስኒውን ሊወስዱ ሲመለሱ ሻዩ እንደተሞላ ቀዝቅዟል። እትዬ ሮማን እስከ ዛሬ የሚያስጮኻቸው ያ በቀስታ መውጣታቸው ነው።

ፊታቸው፣ ከመብራቱ ሥር፣ የጋሽ ታደለ የኦክስጅን ማሽን ተከፍቶ ተቀምጦ ነበር።

ጋሽ ታደለ የአጥር ጎረቤታችን፣ የኤልያስ አባት ናቸው። ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ የሚኖሩት አልጋቸው አጠገብ በሚያጉረመርመው በዚያ ማሽን ነው። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የማሽኑ ቦርድ ተቃጠለ። ኤልያስ አዲሱ ገበያ ድረስ ወርዶ ከሌላ የሞተ ማሽን የተነቀለ ቺፕ ፈልጎ አመጣ፤ እትዬ አዜብ በየዱት፤ ማሽኑም ነፋ። «ውሰደው» ሳይሉት ግን ሞቱ። የሥራ ጠረጴዛቸውን ማንም አልነካም። እትዬ ሮማን ጥቁር ጨርቅ ጣል አድርገውበት ነበር፣ ልክ እንደ ሬሳ።

ጋሽ ታደለ በእነዚያ ቀናት በተከራዩት ሲሊንደር ላይ ነበሩ። ሲሊንደር ደግሞ ያልቃል።

«ስማኝ» አለ ኤልያስ፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሲሊንደሩ ጠቋሚ ቀዩ ላይ ደርሷል። እናቴ ዓይኗን ከሱ ላይ አልነቀለችም። አባቴ ማሽኑ የታለ ሲለኝ ምን ልበለው? ናቲ የሚባል ገጣሚ ጨርቅ አላነሳም አለ ልበለው?»

የሚሠራ ማሽን ለምን እንደያዝኩበት ለማስረዳት ስለ እትዬ አዜብ ሁሉን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ቺፕ ማለት ጥቁር ጢንዚዛ የሚመስል፣ ከግራና ከቀኙ ብዙ የብረት እግር የወጣለት ቁራጭ ነው። ጠጋኞቹም እግር ነው የሚሉት። እያንዳንዱ እግር ከቦርዱ ጋር ተነካክቶ መቆም አለበት። አንዱ ከተጣመመና ከተንጠለጠለ ማሽኑ አይነሳም። እትዬ አዜብ ግን እንዲህ ይሉ ነበር፦ «የማይነሳ ማሽን ሐቀኛ ነው። የሚያስፈራኝ ተነስቶ የሚሠራው ነው።»

ብዙ ዓመት በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምረዋል። ከዚያ ወጥተው በወላጆቻቸው ግቢ፣ ከጳውሎስ ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት፣ ይህችን ባለ አንድ መስኮት ክፍል ከፈቱ። ጠጋኝ ሞልቷል ብለው የመረጡት ጥገናውን የሚመረምር መሣሪያ መንደፍን ነበር። በእኛ ሰፈር ቺፕ ከካርቶን አይወጣም። ከሞተ ማሽን ይነቀላል፣ በኪስ ይዞራል፣ በታክሲ ይቀመጥበታል። እግሩ ይጣመማል።

የመጀመሪያው መሣሪያቸው መስታወት ነው። ከአሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን ያወጡት፣ እንደ ረጋ ውኃ የተስተካከለ መስታወት። ቺፑን በላዩ ያቆሙታል፤ አምፖሏን ከጎን፣ ከመስታወቱ እኩል ዝቅ አድርገው ያበራሉ። መሬት የረገጠ እግር ብርሃን አያሳልፍም። የተንጠለጠለው ከሥሩ ቀጭን ብርሃን ያሾልካል። ሕፃን እንኳ ያየዋል። በዚህ መስታወት ለዓመታት ሠሩ፤ የሰፈሩ ጠጋኞች ሁሉ ቺፓቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ከዚያ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያው ነገር መጣ። ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ የተጠገነ ማሞቂያ ነበር። ቺፑ በመስታወቱ ላይ ቆሞ አንድም ብርሃን አላሾለከም። አሳለፉት። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ማሞቂያው ውስጡ ሕፃን እንደተኛ፣ ደወሉም ሳይጮህ፣ ዝም ብሎ በረደ። ነርሷ እጇን ሰድዳ የሕፃኑን እግር ባትነካ ኖሮ የሚሆነውን እናንተው አስቡት። ሕፃኑ ተረፈ። እትዬ አዜብ ማሞቂያውን መልሰው ሲከፍቱት የአንዱ እግር ጉልበት ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኙ። ያ እግር ተጣሞ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው አቃንቶታል።

ያ አንድ ሰው ደግሞ ክፉ አልነበረም። በኛ አገር ለታላቅ ሰው የተጣመመ ነገር አይሰጥም። የታጠፈ ብር እንኳ አስተካክለን ነው የምናቀብለው። ጠጋኙ ወጣት እሳቸውን አክብሮ፣ በራቸው ላይ ቆሞ፣ የቺፑን እግር በመርፌ አቃንቶ ነበር የገባው። ሲጠይቁት አልደበቀም። «ለእርስዎ ተጣሞ ይሰጣል እንዴ እትዬ?» ነበር ያላቸው። ልጁን አልተቆጡትም። ጭንቅላቱን ደባብሰው ሸኙት።

«መስታወቱ አልዋሸኝም» አሉኝ። «የጠየቅኩት እኔ ነኝ ትንሽ ነገር። ቆመሃል ወይ አልኩት እንጂ ወድቀህ ታውቃለህ ወይ አላልኩትም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ለገባ ሁሉ የሚሉት ልመና ነበር፦ «እባካችሁ እንደተጣመመ አምጡልኝ። የተጣመመ ይታያል፤ የሚያስፈራኝ የተቃናው ነው።» ሰዉ ግን መልመድ አልቻለም። እያከበረ ያቃናል፣ እያቃና ያመጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን መሣሪያ ነደፉ።

ቀስቱ እንለዋለን። ለሁለት የተቆረጠ የብስክሌት ቸርኬ ከቺፑ በላይ እንደ ቀስተ ደመና ይቆማል። በቸርኬው ላይ ትንሽ አምፖል በስፌት ክር እየተሳበች ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ትሄዳለች። አምፖሏ ስትሄድ በእያንዳንዱ የቺፑ እግር ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ተጣሞ በማያውቅ እግር ላይ ነጥቧ እንደ ውኃ ጠብታ ትንሸራተታለች። ተጣሞ በተቃና እግር ላይ ግን የተጣመመበት ቦታ ስትደርስ ትሰናከላለች፤ ወይ ትዘላለች፣ ወይ ለአፍታ ትጠፋለች። ዓይን ያላየው ጠባሳ ብርሃኑን ያደናቅፈዋል። ያችን ክር በትክክለኛው ዝግታ መሳብ እስኪችሉ ስንት ቸርኬ እንደጣሉ የሚያውቁት እትዬ ሮማን ናቸው፤ ጓሮው የብስክሌት መቃብር ሆኖ ነበርና።

ይህም አልበቃቸውም። መሣሪያው ቢናገርም የሚያዩት ዓይኖች ቢዋሹስ? እዚህ ላይ ነበር ሕጋቸው የመጣው፤ እያንዳንዱ ሥራ ሦስት ጊዜ ይታያል። ሁለቱን የጠገነው ሰው ያያል። «ሦስተኛው እይታ ግን የጠላት ይሁን» ይሉ ነበር። «የሠራኸውን ስታይ ዓይንህ ይራራልሃል። እንዲበላሽ የሚፈልግ ሰው አምጣና አሳየው።»

የእሳቸው ጠላት እኔ ነበርኩ። ከግቢያቸው ካሉት የኪራይ ቤቶች በአንዱ የምኖር፣ ትምህርቴን በራሴ ከየመጻሕፍቱ የለቃቀምኩ፣ የሁሉን ነገር ጉድለት የማይ ገጣሚ። «ይህ አፍህ ለቺፕ ይጠቅማል» ብለው ነው የጠሩኝ። ክሩን እሳቸው ይስባሉ፤ እኔ በአጉሊ መነጽሩ አጎንብሼ ጥፋት እፈልጋለሁ። ሳገኝ እንደ ሽልማት ደስ ይላቸዋል። ሳጣ ግን ፊታቸው ይጨልማል። «እርግጠኛ ነህ? እስቲ ጥላው፤ ጥላው ልጄ፣ አትውደደው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ግጥም አነበብኩላቸው። አይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «እቺን መስመር ድገማት» አሉኝ። ደገምኩ።

«ይቺ ተቃንታለች።»

«ቤት ትመታለች እኮ እትዬ!»

«መምታቱንማ መትታለች። ግን ብልጭታዋ እዚህ ጋ ይሰናከላል። መጀመሪያ ሌላ ነገር ልትል ነበር። ፈርተህ አቃናኻት።»

ያፈርኩት እውነት ስለነበር ነው። መስመሯን እንደተጣመመች መለስኳት።

ቀስቱን ለማንም አልሸጡም። ለሚጠይቅ ጠጋኝ ሁሉ እየሠሩ ይሰጡ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ያስምሉታል። «ብቻህን የምታይበት ከሆነ መልስልኝ።» ዛሬ በሰፈራችን ጥገና ቤቶች ሁለት ሰው በአንድ ቸርኬ ላይ አጎንብሶ ብታዩ፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ሲሳደብ ብትሰሙ፣ ያ የእሳቸው ፀሎት ነው።

ፈሪ ነበሩ። ይህን በክብር ነው የምጽፈው። ከጳውሎስ በሚወጣው ሚኒባስ ስንሄድ መኪናው በጉድጓድ በተንገጫገጨ ቁጥር ቀኝ እጃቸው ወደ ግራ ደረታቸው ይሮጣል። አንድ ቀን ረዳቱ አይቷቸው «እማማ፣ ልብዎን ይልቀቁት፣ አይወድቅም!» አላቸው። ታክሲው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አይወድቅም ያለህ ማን ነው ልጄ? አይቶታል?» አሉት። ረዳቱ ሂሳብ መቀበሉን ረስቶ አፈጠጠባቸው።

በቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት «እትዬ አዜብ፣ አትፍሩ ተብሏል እኮ» ስትላቸውም ሰምቻለሁ። «አውቃለሁ» አሏት። «መልአኩ ግን አትፍሩ የሚለው ለፈሩት ነው። ላልፈራ ሰው መጥቶ አያውቅም።»

ያ እጅ ወደ ደረት የሚሮጥበትን ምክንያት ኤልያስ ያውቀዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ቀን በሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ጨርቁን አለማንሳቴ ሲያናድደው፣ ያንኑ መዝዞ ወረወረብኝ።

«እሳቸው ራሳቸው ያገለገለ ዕቃ ደረታቸው ውስጥ ይዘው አልኖሩም? ከሌላ ሰው የወጣ! እሱን ማን ሦስት ጊዜ አየላቸው?»

ከድንኳኑ መዝሙሩ ተቋርጦ ነበር። እትዬ ሮማን በሩን ገፋ አድርገው ጥቁር ሻሻቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ። «ልጆች፣ በሐዘን ቤት?» አሉን። ከዚያ የጠረጴዛውን ጥቁር ጨርቅ አዩና ተመለሱ።

እውነት ነበር። የእትዬ አዜብ ልብ መምታቱን መርሳት ሲጀምር፣ ከውጭ በልገሳ የመጣ የልብ ምት ማስተካከያ ተገጠመላቸው። አዲስ አልነበረም። ሌላ ሰው ይዞት ኖሮ፣ ያ ሰው ሲሞት ወጥቶ፣ ጸድቶና ተፈትሾ የመጣ ነበር። ሲገጠምላቸው በፈቃዳቸው ነው፤ ሐኪሞቹም ሁሉን ነግረዋቸዋል። ከዚያ በኋላ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ያስቡ ነበር። አንድ ቀን ክሩን እየሳቡ ሳሉ ድንገት አቆሙና እንዲህ አሉኝ፦

«ናቲ፣ በደረቴ ውስጥ ቺፕ አለ። እግር አለው። ተጣሞ ይሁን፣ ተቃንቶ ይሁን አላውቅም። ልከፍተው አልችልም። አንድ ሰው ግን፣ በሆነ አገር፣ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ አይቶታል። ስሙን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። ማታ ስተኛ ያ ሰው ያን ቀን ደክሞት እንዳልነበር እፀልያለሁ።» ክሩን መልሰው ያዙ። «ለዚህ ማሽን ባለቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። በል ጥላው።»

ሐኪሙ፣ ከሞቱ በኋላ፣ ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ሥራውን እንደሠራ ነግረውናል። የደከመው ልባቸው ነበር። ያ ስሙን የማናውቀው ሰው አልደከመውም ነበር ማለት ነው። ይህንን ሳይሰሙ መሞታቸው ነው የሚቆጨኝ።

ይህን ሁሉ ለኤልያስ አልነገርኩትም። ያልኩት አጭር ነበር። «ማን እንዳየው ባለማወቃቸው ነው እኮ የፈሩት። ለአባትህ ያንን ፍርሃት ልትልክላቸው ነው?»

ኤልያስ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደና ቁጢጥ አለ። «እሺ። እየውና ልሂድ። ቶሎ በል።»

ጨርቁን አነሳሁ። ቀስቱ ከማሽኑ ወጣ ብሎ በተቀመጠው ቦርድ ላይ እንደተተከለ ነበር፤ የክሩ ጫፍ የጣታቸውን ቅርጽ እንደያዘ ቀለበት ሆኗል። አምፖሏን አብርቼ በአጉሊ መነጽሩ አጎነበስኩ። ምንም አላየሁም። ማየቱንስ አየሁ፣ ግን ብርሃኑ ሁሉ ይበታተንብኝ ነበር። ሲያለቅስ የሰነበተ ዓይን ነጥብ አይዝም። ጠረግኩት፤ መልሶ ሞላ። ሁሉም እግር የሚሰናከል ይመስላል። ከዚያ ምንም የሚሰናከል አይመስልም።

«ኤልያስ፣ አንተ እይ።»

«እኔ? እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ማወቅ አያስፈልገውም። ጠላት መሆን ብቻ ነው።»

«የማን ጠላት?»

«የማሽኑ። አባትህን የሚገድለው የትኛው እግር ነው ብለህ እይ።»

ተነስቶ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ፤ ሁለታችንም ደነገጥን። ነጥቧ ምን እንደምትመስል አሳየሁት። ክሩን መሳብ ጀመርኩ።

«ሄደች» አለ። «ሄደች። ሄደች። ይሄም ሄደች።» መጀመሪያ ሲያሾፍ ነበር። ቀስ በቀስ ድምፁ ጠበበ። በመስኮቱ የእንጦጦ ጭጋግ ወርዶ ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ እሱ ግን ግንባሩ አልቦታል። አንዱን ጎን ጨርሰን ቦርዱን ወደ ቺፑ ሌላ ጎን አዞርነው። ከጥቂት እግር በኋላ መናገሩን አቆመ።

«ኤልያስ?»

«ቆይ።»

«ምንድን ነው?»

«መልሳት። በቀስታ።»

መለስኳት።

«እዚህ ጋ ዘለለች» አለ። ሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱን ከመነጽሩ ሳያነሳ፣ ልክ ለቺፑ የሚናገር ይመስል፣ «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያቃናሁት።»

ከአዲሱ ገበያ ሲመጣ ቺፑ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ተቀመጠበት። በራቸው ላይ ሲያወጣው አንዱ እግር ተጣሟል። በጥፍሩ አቃናው። «ማን ነክቶታል?» ሲሉት «ማንም» አላቸው። ትክ ብለው አዩትና «እሺ ልጄ» ብለው ተቀበሉት።

«ለእሳቸው ተጣሞ ይሰጣል እንዴ ብዬ እኮ ነው ናቲ! አፍሬ ነው!» ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይዤው ልሄድ ነበር። አሁን፣ ቅድም፣ ይዤው ልሄድ ነበር!»

ዓይኔን በእጄ ጀርባ ፈትጌ አጎነበስኩ። ብርሃኗን እዚያው እግር ላይ አቆምኳት። የተሰናከለችበት ቦታ እንዳለ ነው፤ የእግሩ ጉልበት ላይ የደበዘዘች መስመር። ከእሷ ኋላ ግን ሌላ ነገር ነበር። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ክር ከጉልበቱ በላይ ተነስቶ፣ ስንጥቁን ተሻግሮ፣ ከታች ቦርዱ ላይ ተበይዷል። መሐሉ በአንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም ተይዟል። ጥፍራቸውን ቀብተው የማያውቁት ሴት ያችን የቀለም ጠርሙስ ለምን ከጠረጴዛው እንደማያጠፏት ለካ ለዚህ ነው። እግሩ አንድ ቀን ቢሰበር እንኳ መንገዱ በመዳቡ በኩል ይቀጥላል።

«ምን አየህ?» አለኝ ኤልያስ። «ናቲ፣ ምን አየህ?»

«አይተውታል። ደግፈውታል።»

መነጽሩን ለቀቅኩለት። ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ያለቀሰው እንደ ትናንቱ የቀብር ለቅሶ አልነበረም። «አውቀው እሺ ልጄ አሉኝ?»

ሁለቱን እይታ ጨርሰዋል። ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ሲያርፉ ሦስተኛውን እየጠበቁ ነበር። እኔን ሊጠሩኝ። እኔ ደግሞ ተኝቼ ነበር።

የቀሩትን እግሮች ጨረስን። ሁሉም ሄዱ። ቦርዱን መለስኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሰካሁት፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ነፋ። የኤልያስ ስልክ ጮኸች። እናቱ ነበሩ። «መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ» አለ፤ ግን አልተነሳም። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ተጣብቀዋል።

«ሌላ እግር አቃንቼ ቢሆንስ?»

«አቃንተሃል?»

«አላቃናሁም።» ማሽኑን አየ። «አላቃናሁም መሰለኝ። ናቲ፣ ትንሽ እንየው። ነገ ብወስደውስ?»

ቅድም ይዞት ሊሄድ የቸኮለው ሰው ነው። ፍርሃታቸው ከወንበሩ ተነስቶ ገብቶበት ነበር። እኔም ውስጥ ነበር። ሲሊንደሩ ግን ነገን አያውቅም። ከሁለታችን አንዱ መናገር ነበረበት፤ የሚናገረውም ቃል የእሳቸው ነበር። እትዬ አዜብ ስለ አንድም ማሽን «ደህና ነው» ብለው አያውቁም፤ ያ ቃል የእግዚአብሔር ነው ይሉ ነበር። ሲያሳልፉ የሚሉት ሌላ ነው።

«ሦስት ጊዜ ታይቷል» አልኩት።

አጠገቡ የቆመ ሰው መሆኔን ረስቶ እንደ ሕፃን ደገመው። «ሦስት ጊዜ ታይቷል።» ተነሳ።

እትዬ፣ ይህን ላነብልዎ ብችል ኖሮ የት ጋ እንደተቃና ይነግሩኝ ነበር። ስለዚህ አላቃናሁትም። ጋሽ ታደለ ይህን በምጽፍበት ሰዓት አጥሩን ተሻግሮ በሚሰማኝ ማሽን እየተነፈሱ ነው። «አዜብ ከእኔ ይልቅ ማሽኔን ትወደው ነበር» እያሉ ይስቃሉ፤ ሲስቁ ያስላቸዋል፤ ሲያስላቸው ብዕሬን ይዤ እቆማለሁ። በአጥሩ ሥር ሳልፍ ጆሮዬ ሳላዘው ወደዚያ ይሄዳል። ማጉረምረሙ ለአፍታ የቀነሰ ሲመስለኝ እጄ ወደ ደረቴ ይሮጣል፤ በደረቴ ውስጥ ምንም ሳይኖር። ያ እጅ የእርስዎ ነው። አውቄዋለሁ።

ድፍረት አላወረሱንም። ሁለት ሰው በአንዲት ብርሃን ላይ አጎንብሶ አብሮ እንዲፈራ አስተማሩን፤ እሱን ይዘን እንቀጥላለን። ለእርስዎ ደግሞ ያ ስሙን የማናውቀው ሰው ተግቶልዎታል፤ እስከ መጨረሻው ሠርቷል፤ አሁን እጅዎን ከደረትዎ ያውርዱት። ከእንግዲህ የሚያይልዎ ዓይኑ አይደክምም። ይረፉ እትዬ፤ እዚህ ያለውን እኛ እናየዋለን፣ ሦስት ጊዜ።

ያን ቀን ኤልያስ ማሽኑን ከጠረጴዛው አነሳ፤ ክብደቱ ገና የታወቀው ይመስል በሁለት ክንዱ ደረቱ ላይ አስጠጋው። ደፉ ላይ ዞር ብሎ ባዶውን ወንበር አየ። «እትዬ፣ ወሰድኩት» አለ። ወጣ። እጁ ሙሉ ስለነበር በሩን በእግሩ ሳበው፤ በቀስታ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት እንደሚፈራ፣ ተዘጋ።